ፈቃዱ ሲንጠለጠል፦ የተቸገረ የድንጋይ ከሰል ማዕድንና የእገዳ ክርክር

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ነባር መንደሮቹ ከ2017 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ በስፋት በፈረሱት በካዛንቺስ፣ በየቀኑ የሚፈሰው ኮንክሪት ከየትኛው ፋብሪካ እንደመጣ የሚጠይቅ ባይጠፋም፣ ሲሚንቶው በምን እሳት እንደተጋገረ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም። የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር በአንድነት ተፈጭተው፣ በሚሽከረከር ረጅም ምድጃ ውስጥ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ሲጋገሩ ክሊንከር የተባለው እንክብል ይገኛል፤ ሲሚንቶ የሚባለውም ይህ እንክብል ከጥቂት ተጨማሪ ነገሮች ጋር ተፈጭቶ ነው። አንድ ቶን ክሊንከር ለመጋገር እንደ ምድጃው ዓይነትና እንደ ነዳጁ ጥራት ከመቶ ኪሎ ግራም በላይ ድንጋይ ከሰል ይነዳል። የአገሪቱ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ቀድሞ ከባድ ጥቁር ናፍጣ ይጠቀሙ የነበረ ሲሆን፣ ዋጋው እየከበደ ሲሄድ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ፤ ከሰሉ ደግሞ ለዓመታት በአመዛኙ ከደቡብ አፍሪካ በውጭ ምንዛሪ ሲገዛ ቆየ። መንግሥት ይህን ግዢ በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት ለበርካታ ኩባንያዎች የማምረት ፈቃድ መስጠቱ ከዚሁ የመጣ ነው። ፈቃድ በብዛት በተሰጠበት ዘርፍ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና የእገዳ ስጋት መከተላቸው አይቀርም። ገንዘብ ያጠረው አንድ የከሰል ማዕድን ፈቃዱ ሊታገድ እንደሚችል ሲነገረው በምን ሊከራከር እንደሚችል፣ ክርክሩ በሚቆይበት ጊዜም አደጋው በማን ላይ እንደሚወድቅ ለመረዳት፣ አስቀድሞ ከሰሉን ራሱን ማወቅ ይጠቅማል።

የኢትዮጵያ ድንጋይ ከሰል በአብዛኛው የሚገኘው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በፈሰሱ የእሳተ ገሞራ ንጣፎች መካከል ተቀብሮ በቀረ የሐይቅና የረግረግ ደለል ውስጥ ነው። በኢሉ አባ ቦራ ያዩ፣ በጅማ አቅራቢያ ደልቢና ሞዬ፣ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ጭልጋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ የሙሽ ሸለቆ፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ዳውሮ በዚህ ረገድ ስማቸው የሚነሣ ቦታዎች ናቸው። የጭልጋው ደለል፣ ከ27 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የኖሩ የዝሆን ዘመዶች ቅሪተ አካል የተገኘበት በመሆኑ፣ ከማዕድን ባለሙያዎች ይልቅ በቅሪተ አካል ተመራማሪዎች ዘንድ የገነነ ነው። በምድር ታሪክ ሚዛን ወጣት የሆነ ከሰል እርጥበቱና አመዱ ይበዛል፤ አመድ የሚባለው ከሰሉ ሲነድ የማይቃጠለው የአፈርና የድንጋይ ክፍል ነው። አመድ የበዛበት ከሰል የሚሰጠው ሙቀት አነስተኛ ስለሆነ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ የሚፈልገውን ያህል ኃይል እንዲሰጥ በማጠቢያ ፋብሪካ ውስጥ አልፎ ከባዱ ድንጋይ ከቀላሉ ከሰል መለየት አለበት፤ አለዚያም ከውጭ ከመጣው ጋር ተደባልቆ ይነዳል።

የማዕድኑ የገንዘብ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማጠቢያው ውድ መሣሪያና ብዙ ውኃ ይጠይቃል፤ ከሰል ደግሞ ከክብደቱ አንጻር ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ከማዕድኑ እስከ ፋብሪካው ያለው መንገድ በረዘመ ቁጥር ትርፉን የጭነት መኪናው ይበላዋል። በክረምት የጠጠር መንገዱ ይበላሻል፣ ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል፣ ምርቱም ይቀንሳል። ገዢዎቹም ጥቂት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ብቻ በመሆናቸው፣ አንዱ ፋብሪካ ለጥገና ሲቆም ወይም የከሰሉን ጥራት ሳይወደው ሲቀር፣ ማዕድኑ ምርቱን ወደ ሌላ ገበያ የሚያዞርበት ዕድል ጠባብ ነው። ለመሣሪያ መለዋወጫ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ እጥረትና በአንዳንድ አካባቢዎች ያለው የጸጥታ ችግር ሲጨመርበት፣ በወረቀት ላይ አትራፊ የነበረ ማዕድን በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ደመወዝ መክፈል ሊያቅተው ይችላል።

በሕጉ ዓይን ግን የገንዘብ ችግር ለብቻው ብዙ የሚያስገኘው ነገር የለም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው፤ ከሰሉ ከመሬት ወጥቶ በሕጋዊ መንገድ እስኪመረት ድረስ የኩባንያው አይደለም። ኩባንያው በእጁ ያለው በጊዜና በግዴታ የተገደበ መብት ነው፤ ይህ መብት የሚገዛውም በዋናነት በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002፣ አዋጁን ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 816/2006 እና በደንብ ቁጥር 423/2010 ነው። በአዋጁ መሠረት የከፍተኛ ደረጃ ማዕድን ማምረት ፈቃድ እስከ 20 ዓመት ጸንቶ የሚቆይና በእያንዳንዱ እድሳት ከ10 ዓመት ሳይበልጥ ሊታደስ የሚችል ነው። ፈቃድ የመስጠቱ ሥልጣን በፌዴራሉ የማዕድን ሚኒስቴርና በክልሎች መካከል የተከፋፈለ ሲሆን፣ ትልልቁና የውጭ ባለሀብት ያለበት ሥራ ወደ ሚኒስቴሩ፣ የባህላዊ አምራቾችና አብዛኛው የአገር ውስጥ አነስተኛ ሥራ ደግሞ ወደ ክልሎች ይሄዳል። ተከራካሪው ማዕድን በቅድሚያ ማረጋገጥ ያለበትም ደብዳቤውን የጻፈለት አካል ፈቃዱን የሰጠው አካል መሆኑን ነው፤ ሥልጣኑ ተከፋፍሎ ባለበት ሁኔታ ይህ ሁልጊዜ ግልጽ ሆኖ አይገኝም።

በአነጋገር አንድ እየሆኑ የሚደባለቁ ሦስት እርምጃዎችን መለየትም ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያ፣ የተጓደለው ግዴታ ተጠቅሶ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲስተካከል የሚሰጥ የጽሑፍ ማሳሰቢያ ነው። እገዳ፣ ፈቃዱ በባለፈቃዱ እጅ እንዳለ ሥራው ለጊዜው እንዲቆም የሚያደርግ ትእዛዝ ሲሆን፣ በተለይ በሠራተኛ፣ በአካባቢው ነዋሪ ወይም በአካባቢ ደኅንነት ላይ የተቃረበ አደጋ ሲኖር የሚወሰድ ነው። ስረዛ ግን መብቱን ጨርሶ የሚያጠፋ ነው። የጋዜጣ ርዕስ ሦስቱንም «ፈቃድ ተነጠቀ» በሚል ቃል ሲጠቀልላቸው አንባቢ ልዩነታቸውን ሳያውቅ ይቀራል፤ ለኩባንያው፣ ለባንኩና ለሠራተኛው ግን በሦስቱ መካከል ያለው ርቀት ከፍተኛ ነው።

ለእነዚህ እርምጃዎች ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉ ጥሰቶች ብዙ ቢሆኑም፣ ከገንዘብ ችግር ጋር ያላቸው ዝምድና እምብዛም አይነገርም። ባለፈቃዱ በተፈቀደለት የሥራ መርሐ ግብር መሠረት የማምረት፣ የሮያሊቲ ክፍያ፣ ማለትም ከሚያወጣው ማዕድን ዋጋ ለመንግሥት የሚገባውን ድርሻ የመክፈል፣ የመሬት ኪራይ የመክፈል፣ በየጊዜው ሪፖርት የማቅረብ፣ የሠራተኞቹን ደኅንነት የመጠበቅ፣ የአካባቢውን ማኅበረሰብ ልማት የመደገፍ፣ የተቆፈረውን መሬት ለመመለስ የሚያስፈልገውን ገንዘብም የመመደብ ግዴታ አለበት። ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ ከእነዚህ ውስጥ አስቀድሞ የሚተወው ምርቱን በዚያው ቀን የማያስቆመውን ነው። የቁፋሮው ማሽን ናፍጣ ሳይሞላ ከሰል አይወጣም፤ የጉድጓዱ ግድግዳ በደረጃ ሳይስተካከል፣ የቆሻሻው ውኃ ማጠራቀሚያ ሳይጠረግ፣ ለመሬት ማደሻ የሚውለው ገንዘብ ሳይቀመጥ ግን ለወራት ከሰል ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «ገንዘብ ስላጠረን ነው» የሚለው መከራከሪያ፣ ኩባንያው እንደ ማቅለያ ቢያቀርበውም፣ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነገሩ ሊብስ እንደሚችል የሚጠቁም ማስረጃ ሆኖ ሊነበብ ይችላል፤ ይህም ንባብ መሠረት የለውም ለማለት ያስቸግራል።

የቆሻሻው ውኃ ጉዳይ ለከሰል ማዕድን የተለየ ክብደት አለው። በከሰሉና በዙሪያው ባለው ድንጋይ ውስጥ ብዙ ጊዜ ድኝ ከብረት ጋር ተዋሕዶ ይገኛል፤ ይህ ውሑድ ከመሬት ወጥቶ አየርና ውኃ ሲያገኘው አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም ከድንጋዩ ልዩ ልዩ ብረቶችን እያሟሟ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ይህ ሂደት አንዴ ከጀመረ፣ ምርቱ ቆሞም ቢሆን፣ ለአሥርት ዓመታት ሊቀጥል ይችላል። በዚህ ምክንያት ሁለተኛ ተቆጣጣሪ ወደ ጉዳዩ ይገባል። በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት አንድ ፕሮጀክት ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ተፅዕኖ ተጠንቶ ይሁንታ ማግኘት አለበት፤ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ይህን ይሁንታ ያገደ ወይም የሰረዘ እንደሆነም ፈቃድ የሰጠው አካል ፈቃዱን በዚያው ልክ ማገድ ወይም መሰረዝ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ማዕድኑ በማዕድን ሚኒስቴር ዘንድ ክርክሩን ቢረታ እንኳ ከአካባቢ ጥበቃው በኩል ሊታገድ ይችላል። ብዙ ባለፈቃዶች ይህን በር የሚያስታውሱት ከተዘጋባቸው በኋላ ነው።

ማዕድኑ መከራከር ሲጀምር በአመዛኙ ሦስት ዓይነት ነጥቦችን ያነሣል። የመጀመሪያው የፍሬ ነገር ክርክር ነው፤ ጥሰቱ አልተፈጸመም፣ ናሙናው በትክክል አልተወሰደም፣ ወይም የተባለው ጉድለት ተስተካክሏል ይላል። ሁለተኛው የሥነ ሥርዓት ክርክር ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት የሰውን መብት የሚነካ ውሳኔ ሲሰጡ ባለጉዳዩን እንዲሰሙና ውሳኔያቸውን በምክንያት እንዲያስደግፉ ያስገድዳል፤ ቅር የተሰኘ ወገንም በቅድሚያ በተቋሙ ውስጥ አቤት ብሎ፣ ካልረካ ውሳኔው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስለት መጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤቱ በዚህ ጊዜ የሚመረምረው ውሳኔው ሕጉን ተከትሎ መሰጠቱን ነው፤ በሚኒስቴሩ ቦታ ተቀምጦ ማዕድኑን አያስተዳድርም። ከዚህ ጎን ለጎን፣ ከሚኒስቴሩ ጋር የተፈረመው የማዕድን ስምምነት አለመግባባት በድርድር፣ ካልሆነም በግልግል ዳኝነት እንዲፈታ የሚያዝ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የመመጣጠን ጥያቄ ነው፤ ጥሰቱ ቢኖርም ማዕድኑን በሙሉ መዝጋት ከጥሰቱ ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚል ነው። በዚህ ረገድ የደቡብ አፍሪካ ልምድ ይጠቀሳል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. የ1996 የማዕድን ጤናና ደኅንነት ሕግ ለተቆጣጣሪዎች ሥራን ወዲያውኑ የማስቆም ሥልጣን የሰጠ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪዎች በአንግሎጎልድ አሻንቲ ኩባንያ ኮፓናንግ ማዕድን ላይ ሙሉውን የመዝጋት ትእዛዝ በሰጡ ጊዜ ኩባንያው ወደ ሠራተኛ ፍርድ ቤት ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2016 ትእዛዙ ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን እንደነበረበት አስወስኗል። አንድ ክፍል ላይ የታየ ጉድለት መላውን ማዕድን ለመዝጋት በራሱ በቂ አይደለም ማለት ነው። ለተቸገረ የከሰል ማዕድን ከሦስቱ ነጥቦች ሁሉ የሚሻለው ይኸኛው ይመስላል፤ ምክንያቱም ጥፋቱን ሳይክድ፣ የሚዘጋውን ክፍል ራሱ ጠቁሞ፣ ማሻሻያውን በቀንና በበጀት አስቀምጦ ለመደራደር ያስችለዋል። ጥፋቱን ጨርሶ የሚክድ ኩባንያ ሲሸነፍ ምንም አይቀረውም።

መከራከር መብት ቢሆንም ጊዜ መግዣም ነው፤ ጊዜው ደግሞ በሰው ሕይወት ሊከፈል ይችላል። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት አፐር ቢግ ብራንች የተባለው የማሲ ኢነርጂ የከሰል ማዕድን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 2010 ፈንድቶ 29 ሠራተኞች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የአገሪቱ የማዕድን ደኅንነት ሕግ ተደጋጋሚ ጥሰት የሚታይበትን ማዕድን ጠበቅ ባለ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ፣ በየጥሰቱም ሥራው እንዲቆም የሚያደርግ ድንጋጌ ነበረው፤ ይሁን እንጂ በወቅቱ በነበረው አሠራር ክርክር የተነሣበት ጥሰት የመጨረሻ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ አይቆጠርም ነበር። ኩባንያዎች ብዙ ጥሰቶችን በይግባኝ ሲይዙ መዝገቡ ይከመራል፤ መዝገቡ እስኪነበብ ማዕድኑ ይሠራል። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ቀዳዳ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ደንብ ዘግቶ በክርክር ላይ ያለ ጥሰትም እንዲቆጠር አደረገ። ይህ ለኢትዮጵያ ሕግ አስፈጻሚዎች ቀጥተኛ ትምህርት አለው፤ አደጋው በተቃረበ ጊዜ ሥራው ቆሞ ክርክሩ ሊቀጥል፣ አደጋው በሩቅ ያለና የወረቀት ጉድለት ሲሆን ደግሞ ክርክሩ እስኪያልቅ ሥራው ሊቀጥል ይገባል። ሁለቱን የሚለየው የተቆጣጣሪው ባለሙያ ዕውቀትና በቦታው የሚያሳልፈው ጊዜ ነው።

በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ በሰፊው የታወቀው የእገዳ ጉዳይ ከሰልን ሳይሆን ወርቅን የሚመለከት ነው። በጉጂ ዞን ሻኪሶ አቅራቢያ የሚገኘውን የለገ ደምቢ ወርቅ ማዕድን በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ሚድሮክ የተባለው ኩባንያ ከመንግሥት በግዢ ተረክቦ ለ20 ዓመት ሲያመርት ቆየ። ዘመኑ ሲያበቃ ፈቃዱ ለተጨማሪ 10 ዓመት መታደሱ በተሰማ ጊዜ፣ ቀድሞም ስለ ሳይያናይድና ሜርኩሪ ብክለት፣ ስለ ከብቶች ሞትና ከአካል ጉዳት ጋር ስለሚወለዱ ሕፃናት ያማርር የነበረው ነዋሪ አደባባይ ወጣ። ተቃውሞው በርትቶ የሰው ሕይወት ከጠፋበት በኋላ፣ ሚኒስቴሩ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ጉዳዩ እስኪጠና ድረስ ፈቃዱ መታገዱን አስታወቀ። ኩባንያው ጉዳቱን አደረስክ መባሉን አልተቀበለም። ጥናቶች ተካሄዱ፤ ማዕድኑም በ2013 ዓ.ም. ወደ ሥራ ተመለሰ። የመብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ነዋሪዎች ያኔም ለብክለት እንደተጋለጡ ገልጾ፣ የጥናቶቹ ውጤት በይፋ አለመውጣቱን ነቅፏል።

ከዚህ ታሪክ የሚከብደው እገዳው ረጅም መሆኑ አይደለም። ማዕድኑ ሦስት ዓመት ገደማ ሲቆም በምን ማስረጃ እንደቆመ፣ ሲከፈትም ምን ተስተካክሎ እንደተከፈተ ለአንድ የሻኪሶ እናት በሚገባ መንገድ በይፋ አልተነገራትም። ውጤቱ በይፋ ባልወጣ ቁጥር ደግሞ ኩባንያውም ተጎጂ ነው፤ ንጹሕ ከሆነ ንጽሕናውን የሚያሳይበት ሰነድ የለውም፤ ጥፋተኛ ከሆነም ምን አስተካክሎ እንደተመለሰ ማሳየት አይችልም። እገዳው በተቃውሞ ግፊት መጥቶ በድርድር መነሣቱ፣ ሌሎች ባለፈቃዶች የቁጥጥሩን መመዘኛ ከመማር ይልቅ የፖለቲካውን አየር ማሽተት እንዲማሩ አድርጓል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የገንዘብ አቅም ማነስ በይፋ ምክንያት ሆኖ የተጠቀሰበት ጉዳይ ደግሞ ከጋዝ ዘርፍ ይገኛል። በሶማሌ ክልል የካሉብና የሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 የተሰጠው ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ፣ ሥራውን በሚፈለገው ፍጥነት ለማስኬድ አቅም አላሳየም ተብሎ ስምምነቱ በ2015 ዓ.ም. መባቻ ተሰርዟል። በያዩ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ነበር። በመንግሥት ገንዘብ የተጀመረውና ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን የተሰጠው የከሰልና የማዳበሪያ ግንባታ፣ ለዓመታት ተጓትቶ ሳይጠናቀቅ ቆመ። ግንባታው የተጀመረበት አካባቢ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በሰውና ባዮስፌር መርሐ ግብሩ የመዘገበው የያዩ የጫካ ቡና መገኛ ነው። የግል ኩባንያ ሲቸገር የእገዳ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ የመንግሥት ፕሮጀክት ሲቸገር ማን ደብዳቤ እንደሚጽፍለት አዋጁን አንብቦ ማወቅ ይከብዳል።

እገዳ ሲወሰን ከሕጉ ይልቅ በምሕንድስናው በኩል የሚረሳ ነገር አለ። የታገደ ማዕድን ተዘግቶ የሚቀመጥ መጋዘን አይደለም። ፓምፑ ከቆመ ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል፣ ግድግዳው ይንሸራተታል፤ የተከመረ ከሰል አየር እየሳበ ውስጥ ውስጡን ሞቆ በራሱ ሊቃጠል ይችላል፤ ጥበቃ የሌለው ጉድጓድ ከሰል ለመልቀም የሚገቡ ወጣቶችን ይቀጥፋል። ስለዚህ ማንኛውም የእገዳ ደብዳቤ የሚቆመውን ብቻ ሳይዘረዝር የማይቆመውን፣ ማለትም ፓምፑን፣ ጥበቃውን፣ የውኃ ናሙና ምርመራውንና የእነዚህን ወጪ ከፋይ ጭምር መጥቀስ አለበት። ገቢው የተቋረጠ ኩባንያ ይህን ወጪ ከየት ያመጣል የሚለው ጥያቄ፣ ለመሬት ማደሻ የሚቀመጠው ገንዘብ በሥራው መጀመሪያ ለምን መያዝ እንዳለበት ያስረዳል፤ በችግር ጊዜ ይቀመጥ ቢባል የሚቀመጥ ነገር አይኖርም።

የሠራተኛውም ዕጣ እንዲሁ አስቀድሞ መታሰብ ይኖርበታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም ያለ ጥፋቱ በገጠመው የገንዘብ ችግር ሥራውን ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ለማቆም ሲገደድ፣ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አሳውቆ የሥራ ውሉን መብትና ግዴታ ከ90 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ለማገድ ያስችለዋል። «ያለ ጥፋቱ» የሚለው ሐረግ እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ማዕድኑ የታገደው በራሱ ጉድለት ከሆነ ደመወዝ ያለመክፈል ከለላው ይጠብበታል። በዚህም የተነሣ በሚኒስቴሩ ፊት «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አስተካክላለሁ» ማለት የሚያዋጣው ኩባንያ፣ በሠራተኛ ጉዳይ ችሎት «ጥፋቱ የኔ አይደለም» ለማለት ይገፋፋል። ሠራተኞቹ በሁለቱ ንግግሮች መካከል የወደቁ ሰዎች ናቸው፤ በእገዳው ክርክር ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቦታ አይሰጣቸውም።

በካዛንቺስ ዋና መሥሪያ ቤቱ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከአፍሪካ ኅብረት ጋር ሆኖ ያዘጋጀው፣ የአህጉሪቱ መሪዎችም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 አዲስ አበባ ላይ የተቀበሉት የአፍሪካ የማዕድን ራእይ፣ ማዕድን ግልጽነትና ፍትሐዊነት ባለው መንገድ ለሰፊ ልማት እንዲውል የሚጠይቅ ሰነድ ነው። ሰነዱ የተሰናዳበት ሠፈር ዛሬ በከሰል እሳት በተጋገረ ሲሚንቶ የሚገነባ ሆኗል። የማዕድን ሚኒስቴር የማስጠንቀቂያና የእገዳ ውሳኔዎቹን ከነምክንያታቸው፣ ከተመረመረው የውኃና የአፈር ናሙና ውጤት ጋር ማንም ሊያነብበው በሚችልበት ቦታ ቢያወጣ፣ የተቸገረው ማዕድን በየትኛው ነጥብ ላይ እንደሚከራከር፣ ነዋሪውም በየትኛው ነጥብ ላይ እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር፤ ለዚህም አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ አዋጅ ቁጥር 1183/2012 በምክንያት የተደገፈ ውሳኔን አስቀድሞ ጠይቋልና።